ከሌሊቱ 3 ሰዓት

ትናንት ማታ አክስቴ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በጥበቃ ካሜራ የተቀረጸ ግቢ፣ የቆመ መኪና፣ ግራጫ ጨለማ። ከግድግዳው ጥግ ነጭ ነገር ብቅ ይልና በመኪናው ላይ ተንሳፍፎ አልፎ ይጠፋል። ከዚያ እንደ አዲስ በዝግታ ይመለስና ቀይ ክብ ይደረግበታል፣ ቀስት ይተከልበታል። ጎርናና ድምፅ ያለው ተራኪ "ይህ የሆነው በጎንደር ከተማ ከሌሊቱ 3 ሰዓት ላይ ነው" ይላል፤ ጉዱን ተናግሮ ሳይጨርስም ሼር አድርጉ ይላል። ከሥሩ አክስቴ "ልጄ፣ ሳትጸልይ እንዳትተኛ" ብላ ጽፋለች።

"እሺ እቴትዬ" ብዬ መለስኩላት። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ግን ደግሜ ከፈትኩት።

መጀመሪያ የከነከነኝ ሰዓቱ ነው። ከሌሊቱ 3 ሰዓት የሚል የጎንደር ሰው የት አለ? ለእኛ 3 ሰዓት ምሽት ነው፤ እራት ቀርቦ፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ ጎረቤት ገና ሳይተኛ። ተራኪው ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የፈረንጅ ሰዓት አይቶ እንዳለ አንብቦታል። የእኛ ሰው ቢሆን 9 ሰዓት ይል ነበር። ቀጥሎ መኪናው። አቁሜ አጉልቼ ሳየው መሪው በቀኝ ነው። እንዲህ ያለ መኪና አገራችን ውስጥ ጭራሽ የለም አልልም፤ ግን ከሰዓቱ ጋር ሲደመር፣ ቪዲዮው ጎንደርን በስም እንጂ በዓይኑ አያውቃትም። የሆነ ሩቅ አገር የተቀረጸ ነገር ላይ አማርኛ ለጥፈውበታል።

ነጩ ነገር ግን ሰዓቱ ስለተሳሳተ ብቻ አልጠፋም። እዚያው አለ። እዚህ ላይ ነው ባለፈው ክረምት የገጠመኝ ትዝ ያለኝ።

ከወንድሜ ጋር የምንሠራበት ሱቅ በር ላይ ካሜራ አስገጥመናል፤ እንቅስቃሴ ሲያይ ስልኬ ላይ ይደውላል። አንድ ሌሊት፣ በእኛ 9 ሰዓት አካባቢ፣ ስልኩ ጮኸ። ከፈትኩት። በረንዳው ላይ፣ በተዘጋው የላሜራ በር ፊት፣ ነጭ ረጅም ነገር እንደ ነጠላ ጫፍ ይውለበለባል። እግር የለውም። ወደ ግራ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። በስመ አብ አልኩ፤ ሁሌ በሰው ፍርሃት የምስቀው እኔ። መብራት አብርቼ ተቀመጥኩ፣ ወንድሜን ልቀስቅሰው አልቀስቅሰው እያልኩ ነጋ።

ጠዋት መሰላል አቁሜ ወጣሁ። የሸረሪት ድር ነው። አንዱ ክር ተበጥሶ ከሌንሱ ፊት ለፊት፣ የጣት ርዝመት እንኳ በማይሞላ ርቀት ተንጠልጥሏል። በመጥረጊያ ሁለት ጊዜ ዳበስኩት፣ አለቀ።

ካሜራውን የገጠመልንን ልጅ ጠርቼ ጠየቅኩት። ሌንሱ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ አምፖሎች ሌሊት ለዓይናችን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጫሉ። አፍንጫቸው ሥር ያለ ክር ያን ሁሉ ብርሃን መልሶ ወደ ሌንሱ ይረጨዋል። ካሜራው ደግሞ በሩን እንዲያይ ስለተስተካከለ ቅርቡን አጥርቶ አያይም፤ ያደበዝዘዋል፣ ያሰፋዋል። ፀጉር የምታክል ክር ክንድ የሚያክል ጢስ ትሆናለች፣ ነፋስ ሲነካት ትሄዳለች። የእሳት ራትም ብታልፍ ያው ናት። ትንንሾቹ ዲጂታል ካሜራዎች በመጡ ሰሞን በተነሱ የሠርግ ፎቶዎች ላይ ሙሽሮቹን ከበው የሚታዩት ነጫጭ ክቦችም ዘመዶቻቸው ናቸው፤ ፍላሹ ከሌንሱ ጋር ተጠጋግቶ የተሠራ ስለሆነ አቧራውን ያበራዋል። ክቦቹን እያየ ይባረክ የሚል ዘመድ ነበረን።

የአክስቴ ቪዲዮም ሸረሪት ነው አልልም። አላውቅም። ሲመስለኝ ግን መኪናው ላይ የሚያልፈው ሳይሆን ሌንሱ ላይ የሚያልፍ ነው።

"ኤዲት አልተደረገም፣ ባለሙያ አይቶታል" የሚሉት ነገር አለ ደግሞ። ይህን ስሰማ ሁለቱ የኮቲንግሊ ልጆች ትዝ ይሉኛል። እንግሊዝ አገር፣ ብራድፎርድ አጠገብ፣ 1917 በፈረንጆቹ። ኤልሲ ራይት 16 ዓመቷ፣ የአክስቷ ልጅ ፍራንሲስ ግሪፊትስ 9። ወንዝ ዳር ክንፍ ካላቸው ትንንሽ ፍጥረታት ጋር ፎቶ ተነሱ። ባለሙያው ፎቶው የተነሳበትን የመስታወት ኔጋቲቭ መርምሮ ያልተነካካ ነው አለ። ልክ ነበር! መስታወቱ አልተነካም፤ የተሠራው ከሌንሱ ፊት ነው፦ ከወረቀት ተቆርጦ በባርኔጣ መርፌ ሣር ላይ የተተከለ ሥዕል። ሼርሎክ ሆልምስን የጻፈው አርተር ኮናን ዶይል በ1920 ፎቶዎቹን ከነምስክርነቱ መጽሔት ላይ አወጣቸው። ያን ሁሉ ወንጀለኛ በእግር ዳና የሚይዝ ሰው የፈጠረ ደራሲ! ልጁ ከሞተበት ሁለት ዓመቱ ነበር። ሴቶቹ ማታለላቸውን ያመኑት በ1983 ነው፣ አርጅተው። ያን የመሰለ ትልቅ ሰው ካመነን በኋላ እንዴት ብለን እንናገር፣ አፈርን አሉ። ፍራንሲስ ግን ከአምስቱ ፎቶዎች አምስተኛዋ የእውነት ናት እንዳለች ነው የሞተችው። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ ፈገግ እላለሁ።

አሁንማ ወረቀት መቁረጥም ቀረ። የፈለጉትን ጽፎ ማዘዝ ነው፤ ማሽኑ ግቢውንም፣ መኪናውንም፣ ሰይጣኑንም ሠርቶ ይሰጣል። ምናልባት በሚቀጥለው ጊዜ መሪውን በግራ አድርጎ።

አያቴ ልጅ ሳለን የምትነግረን አንድ ነገር ነበራት። ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ ጀንበር ስትገባ፣ ወንዙ ማዶ አንድ ነገር ቆሞ አየች። "ቁመቱ የሰው ነው፣ አቋቋሙ ግን የሰው አልመሰለኝም" ትላለች። ምን ነበር እማማ? ስንላት፣ እሳቱን ቆስቆስ አድርጋ "እኔ እንጃ። ዓይንም ይደክማል፣ ማድጋውም ከብዶኛል" ትላለች። እስክትሞት ከዚህ አላለፈችም፣ ጥርስም ቀንድም አልጨመረችበትም። የእሷን ዛሬም አምናታለሁ ማለት ይቻላል፤ የጎርናናውን ድምፅ አላምነውም። እሱ ጋ እኔ እንጃ የለም። ያየ ሰው ያን ያህል እርግጠኛ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ለአክስቴ ደወልኩላት። ሰዓቱን ነገርኳት፣ መሪውን ነገርኳት።

"ሰይጣን መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?" አለችኝ።

የሱቁን ድር ነገርኳት።

"እሺ፣ ሸረሪት ይሁን። ሸረሪቷን በዚያ ሰዓት ማን ላካት?"

ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና "ቤቱ እኮ ልጅቷ ዱባይ ከሄደች ወዲህ ጭር ብሏል" አለች። የኮሪደሩ አምፖል ተቃጥሎ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ማታ መታጠቢያ ቤት የምትሄደው በስልኳ መብራት ነው። ይህን እስከዛሬ አልነገረችኝም። ቪዲዮውን ግን ነግራኛለች።

ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አምፖሉንም እቀይርልሻለሁ አልኳት። ነጩን ሳይሆን ቢጫውን ግዛ አለችኝ።