ሱሪውን ገልብጬ ማየት የጀመርኩበት ዓመት

አልጋዬ ላይ 11 ጥብቅ ሱሪ ደርድሬያለሁ። ከጎናቸው ስልኬ አለ። ስልኬ ላይ ደግሞ የመረጥኳቸው ሦስት ሰፋፊ ሱሪዎች ክፍያ ብቻ ይጠብቃሉ። ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ እንዲህ ባለ አንድ ማታ ነው።

ከዚያ በፊት ለሳምንታት ያየሁት ቪዲዮ ሁሉ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነበር። ጥብቅ ሱሪ ፋራ ሆኗል። ዘናጭ የሚባሉት ልጆች ሁሉ ጫማቸው ላይ የሚተኛ ሰፊ ሱሪ ለብሰዋል። መስታወት ፊት ስቆም እግሬ የሰለለ፣ ልብሴም ያረጀ መሰለኝ። ሱሪዎቹ ግን አላረጁም። ገሚሶቹን አምስት ጊዜ እንኳ አልለበስኳቸውም። ከአንድ ዓመት በፊት ወድጄ የገዛኋቸው ናቸው።

ከመክፈሌ በፊት ያለኝን ልብስ ልቁጠር አልኩ። ካልሲና የውስጥ ልብስ ሳይጨመር 62 ሆነ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በየሳምንቱ እየደጋገምኩ የምለብሰው ስድስቱን ወይም ሰባቱን ነው። ያን ማታ ሱሪዎቹን ተውኳቸው። ለአንድ ዓመትም ከካልሲና ከውስጥ ልብስ በቀር ምንም ላለመግዛት ወሰንኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው። ቁምሳጥኔ ውስጥ ያሉትን መስቀያዎች በሙሉ መንጠቆአቸው ወደ እኔ እንዲዞር አድርጌ ሰቀልኳቸው። አንዱን ልብስ ለብሼ ስመልሰው መስቀያውን በትክክለኛው አቅጣጫ አዞረዋለሁ። ዘዴው የእኔ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ስድስት ወር ሲሞላ 39 መስቀያ ንክች ሳይል እንደዞረ ቀርቷል።

የለበስኳቸውን ካልለበስኳቸው ጋር ሳስተያይ ልዩነቱ ፋሽን አልነበረም። የምለብሳቸው ትከሻቸው ልኬ ነው። ስቀመጥ ወገቤን አይዙኝም። ቀለማቸው ከሌላው ልብሴ ጋር ይሄዳል። ያልተነኩት አብዛኞቹ ደግሞ በቅናሽ የገዛኋቸው ናቸው። የገዛሁት ልብሱን ሳይሆን ቅናሹን ነበር። ቅናሽ ስናይ «ምን ያህል አተረፍኩ» እንላለን፤ ልብሱን ጨርሶ ካልለበስነው ግን ያወጣነው ሁሉ ኪሳራ ነው።

ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ደብተር ያዝኩ። ልብስ ባማረኝ ቁጥር ምን እንዳማረኝ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነና የት እንደነበርኩ እጽፋለሁ። ከ30 ቀን በኋላ ተመልሼ አያለሁ። በዓመቱ ውስጥ 27 ጊዜ ጻፍኩ። ከወር በኋላ ሳነበው አሁንም የምፈልገው ሆኖ ያገኘሁት አራቱን ብቻ ነው። ይበልጥ የገረመኝ ግን ሰዓቱ ነው። አብዛኛው የተጻፈው ደክሞኝ ከሥራ በተመለስኩበት ቀን፣ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። የሚያስፈልገኝ እረፍት ነበር፤ እጄ ላይ የነበረው ስልክ ያቀረበልኝ ግን ጃኬት ነው። ስለዚህ የባንክ ካርዴን ቁጥር ከስልኬ አጠፋሁት። በየጊዜው ተነስቶ ካርዱን ማምጣት ብቻውን ብዙ ነገር አስቀርቶልኛል።

ጓደኛዬ ሰፊ ሱሪ አለው። ለሙከራ ተዋስኩት። ሱሪው ራሱ ደስ ይላል። ግን ስለብሰው ጫማዬ ከሥር ጠፋ፤ የሚስማማው ከበድ ያለ ጫማ ነው። ረዘም ያለው ሸሚዜ ከላይ ሲደረብበት ቁመቴን ዋጠው፤ አጠር ያለ ጃኬት ይፈልጋል። አንዱ ሱሪ ጫማ ጠራ፣ ጫማው ጃኬት ጠራ። የሱሪ ስፋት ሲለወጥ ሻጭ የሚያተርፈው ከሱሪው ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ወንዶችን እንዲህ ማጣደፍ ድሮ አልነበረም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ካርል ፍሉገል እ.ኤ.አ. በ1930 እንደጻፈው፣ የአውሮፓ ወንዶች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደማቁን ቀለምና ጌጡን ትተው ወደ ጭምትና ቀለል ያለ ልብስ ዞሩ። ይህን «የወንዶች ታላቅ ምናኔ» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ልብስ ኮሌታው ሰፋ ጠበበ እንጂ መሠረቱ ብዙም አልተነካም። አንድ ሙሉ ልብስ ገዝቶ አሥር ዓመት የሚለብስ ሰው ግን ለነጋዴ ጥሩ ደንበኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ጋዜጠኛው ማርክ ሲምፕሰን ለመልኩና ለአለባበሱ ገንዘቡን የሚያፈስ የከተማ ወንድ መምጣቱን ሲጽፍ «ሜትሮሴክሹዋል» የሚል ስም አወጣለት። ዲዛይነሩ ሔዲ ስሊማን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2007 ዲዮር የተባለውን የፈረንሳይ ፋሽን ቤት የወንዶች ልብስ ሲመራ ቀጭን ኮትና ቀጭን ሱሪን ዓለም አቀፍ አደረገው። የእኔ 11 ሱሪዎች የዚያ ርዝራዦች ናቸው።

በነገራችን ላይ እነዚህ ሱሪዎች የሚለጠጡት ኤላስቴን የሚባል ክር ስላለባቸው ነው። ኬሚስቱ ጆሴፍ ሺቨርስ ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1958 የፈጠረው ነው። ይህ ክር ሙቀት አይወድም። ሙቅ ውሃና ካውያ ሲደጋገምበት ይደክማል፤ ጉልበቱ ላይም ተለጥጦ ይቀራል። ይህን ሳላውቅ ስተኩሳቸው ኖሬያለሁ። አሁን ገልብጬ በቀዝቃዛ ውሃ አጥባቸዋለሁ፣ ጥላ ላይ አሰጣቸዋለሁ።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከልብስ ሰፊ ነው። አባቴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የለበሰውን ኮት ሰጥቶኝ ነበር። ጆርጂዮ አርማኒን የመሳሰሉ ዲዛይነሮች የኮትን ውስጥ አለስልሰው፣ ትከሻውን አስፍተው ለቀቅ ባደረጉበት ዘመን የተሰፋ ነው። ለዓመታት መስቀያው ላይ ቀርቷል። ይህን ኮትና ሁለት ሱሪዎቼን ይዤ ወደ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሄድኩ።

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ኮቱን ገለበጡት። ገበሩን በምላጭ ጫፍ ትንሽ ተረተሩና የጀርባውን ስፌት ከፈቱልኝ።

«ልጄ፣ ጣትህን እዚህ አስገባ» አሉኝ።

አስገባሁ። ከስፌቱ ወዲያ ሁለት ጣት የሚሞላ ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ያ ጨርቅ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ከውጭው ይልቅ ቀለሙ የጠቆረ ነው።

«የሰፋው ሰው ነገ እንደሚወፍር ያውቅ ነበር» አሉ።

ከዚያ የእኔን ሱሪ ገለበጡት። ስፌቱ በመኪና ተዘምዝሟል። ከክሩ ወዲያ ያለው ጨርቅ ግማሽ ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ጎተት ሲያደርጉት ክሩ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ይህን ትንሽ ማስፋት አይቻልም?»

«በምን ጨርቅ? እዚህ ውስጥ ምንም የለም።»

በዚያች ደቂቃ ያየሁትን አልረሳውም። የአባቴ ኮት ሲሰፋ ሰውነት እንደሚለወጥ፣ ዘመን እንደሚለወጥ ታስቦ ነው። የእኔ ሱሪ ሲሰፋ ግን ተለብሶ እንዲጣል ታስቦ ነው። ከአንድ ሱሪ ሁለት ሴንቲሜትር ጨርቅ ማትረፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። በመቶ ሺህ ሱሪ ሲባዛ ግን ብዙ ጨርቅ ነው።

ዋጋ የሚወርደው ደግሞ ከጨርቁ ብቻ ተቆርጦ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የሚባለው ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው ውስጥ የልብስ ፋብሪካዎች ነበሩበት። ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቷል። ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ ወደ ሥራ እንዲገቡ ተደረገ። ዜናውን ያኔ ሰምቼ አዝኜ አልፌዋለሁ። ስፌቱን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ግን ርካሽ ልብስ ባነሳሁ ቁጥር ይህ ይመጣብኛል። ማን እንደሰፋው፣ ስንት እንደተከፈለው መጠየቅ ጀምሬያለሁ። ሁልጊዜ መልስ አላገኝም። ስጠይቅ ግን እጄ ቀስ ይላል።

ኮቱን በተመለከተ ሰፊው ሐቁን ነገሩኝ። ወገብ፣ እጅጌ፣ ቁመት ይስተካከላል። ትከሻ ግን ኮቱን እንደገና እንደመስፋት ነው፤ ስለዚህ ልብስ ስትገዛ መጀመሪያ ትከሻውን እይ አሉኝ። እንደ ዕድል ሆኖ የአባቴና የእኔ ትከሻ እኩል ነው። ከውስጥ ያለውን ወፍራም ንጣፍ አሳሱት፣ ጎኑን ትንሽ ያዝ አደረጉት። ትርፉን አልቆረጡም። እንደነበረ መልሰው አጠፉት።

ይህ ቆጨኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጥሩ ቡናማ የሱፍ ሱሪ ሌላ ሰፊ ጋ አስጠብቤ ነበር። «በጣም አጥብበው፣ የተረፈውን ቁረጠው» ያልኩት እኔ ነኝ። ያ ሱሪ በትርፉ ተመልሶ ሊሰፋ ይችል ነበር። አሁን የዚያ ጨርቅ ቁራጭ የት እንደደረሰ እንኳ አላውቅም። ልብስ የምታስጠብቡ ካላችሁ እባካችሁ ትርፉ ይቀመጥ በሉ። ፋሽን ሲጠብም ሲሰፋም መልሳችሁ የምታገኙት እሱን ነው።

ካልተነኩት 39 ልብሶች ዘጠኙን አስተካክዬ መልበስ ጀመርኩ። ብዙዎቹን ለሚሆናቸው ዘመዶችና ጓደኞች ሰጠሁ። ስሰጥ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ቁምሳጥኑ ሲከፈት ለአዲስ ልብስ ቦታ ያገኘሁ ይመስለኛል። ስለዚህ ባዶዎቹን መስቀያዎችም አብሬ ሰጠኋቸው። አራቱን ጥብቅ ሱሪ ግን አሁንም እለብሳለሁ። ልኬ ናቸው፤ አጥብቀው አይዙኝም፣ አይወዛወዙም።

ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ሱሪ ገዛሁ። ደብተሬ ውስጥ ከአራቱ አንዱ ነበር። በጣም ያልሰፋ፣ በጣም ያልጠበበ፣ ጥቁር ሰማያዊ። መደብሩ ውስጥ መጀመሪያ ያደረግኩት ገልብጬ ስፌቱን ማየት ነው። የሚሸጠው ልጅ ጠጋ አለና «ወንድሜ፣ ፊቱ በዚህ በኩል ነው» አለኝ። የኋላውን ስፌት ከፍቼ አሳየሁት። አንድ ጣት ተኩል የሚሆን ትርፍ አለው። ለምን እንደሚጠቅም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ሂሳብ ከፍዬ ስወጣ ዞር ብዬ ሳይ፣ ልጁ የራሱን ጃኬት አውልቆ ገበሩን እየዳሰሰ ነበር።