የሽንት ቤቱ በር ላይ ያለው ፕላስተር

የአባዬ የፓርኪንሰን በሽታ ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ያስቸገረን አረማመዱ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። የሽንት ቤቱ በር ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ! ተረከዙ ይነሳል፣ ጉልበቱ ይርገበገባል፣ ጣቶቹ ግን ከሴራሚኩ አይላቀቁም። «እግሬን መሬቱ ያዘው» ይላል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ክንዱን ይዞ ሊጎትተው ይፈልጋል። የሚጥለውም ይሄ ነው፤ ደረቱ ወደፊት ይሄዳል፣ እግሩ እዚያው ይቀራል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጎንበስ ብሎ በአጫጭር እርምጃ ሊሮጥ ይቃጣዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ በሽታው ሲጽፍ ይህችን ሩጫ ሳይጠቅሳት አላለፈም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ያዘዘችልን መድኃኒት ፕላስተር ነው፤ ከሱቅ የሚገዛው ነጩ። ከበሩ ፊት፣ አንድ አንድ እርምጃ እየተራራቀ፣ በአግድም ለጠፍነው። አባዬ መስመሩን አየ፣ እግሩን አነሳ፣ ተሻገረው። ቀጣዩንም። «ወለሌን አበላሻችሁት» ብላ ያኮረፈችው እናቴ አሁን ፕላስተሩ ሲላጥ ራሷ ናት የምትለጥፈው።

አስማት አይደለም። ጤነኛ ሰው ሲራመድ አያስብበትም፤ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን በሚባለው ኬሚካል የሚሠራው ክፍል በራሱ ያስኬደዋል። ፓርኪንሰን ዶፓሚኑን ሲያመናምነው ያ ይሰናከላል። መስመር ወይም ምት ሲኖር ግን እርምጃው በትኩረት ይሆናል፤ ዋናው መንገድ ሲዘጋ ታክሲው ውስጥ ለውስጥ እንደሚሄደው። ለምቱ ስልኬ ላይ ሜትሮኖም፣ ማለትም እኩል ምት የሚመታ መተግበሪያ፣ ጫንኩለት፣ አልወደደውም። እናቴ እንደ መዝሙር ስታጨበጭብለት ግን ይሄዳል።

ሲዞር ባለበት አይሽከረከርም፣ ሰፋ አድርጎ ነው። ስኒ ይዞም አይራመድም። ከሁሉም የከበደን ሰላምታችን ነው! ጎረቤት «እንዴት አደሩ? ልጆች ደህና ናቸው?» ሲለው እየሄደ ሊመልስ ይሞክራል፤ ሁለቱ አብረው አይሆኑለትም። አሁን ይቆማል፣ ሰላምታውን ይጨርሳል፣ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል።

አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው መድኃኒቱ፣ ሌቮዶፓውም፣ ሰዓቱን ይፈልጋል። ምግብ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ስለሚሻማው፣ ሐኪሙ ባዘዙት መሠረት ከምግብ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይውጣል። ጾም ነው ብሎ መዘናጋት የለም፤ ሽሮም ፕሮቲን አለው። የመድኃኒቱ ጉልበት ሊያልቅ ሲል በር ላይ መቆሙ ይበዛል። ሰዓቱን መዝግቡ የተባልነውም ለዚህ ነው።

ቀጣዩ የሳሎኑ ምንጣፍ ነው። ጫፉ እግር ይጠልፋል፣ መነሳት አለበት። እናቴን የማሳመኑ ሥራ የወንድሜ ነው።