ለመልካ ቁንጡሬ የድጋፍ ደብዳቤ ፍለጋ አትውጡ

ዓለም ገና እየኖርን፣ 2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ዩኔስኮ የመዘገበውን የጥንት ሰዎች መገኛ፣ መልካ ቁንጡሬን፣ ያላየን ብዙ ነን። የግቢያችንን ልጆች ይዤ ልሂድ አልኩ። «ልጅ ከበዛ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል» ተባልኩና አንድ ቢሮ ሄድኩ።

መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?» አለችኝ። ከቤቴ! ከቤት የመጣ አይስተናገድም፤ በማመልከቻ ይሁን ተባለ። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ቁጥር ካልወጣለት ለኃላፊው አይመራም፤ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ደግሞ ለቅሶ ሄደዋል። እሳቸው ሲመለሱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ኃላፊው በስንት ልመና ሲገኙ «ልጆቹ የማን ናቸው?» አሉኝ። የጎረቤት። «እንግዲያው የወላጆች ፈቃድ በቀበሌ ተረጋግጦ ይምጣ።» ቀበሌው በበኩሉ ቢሮው በደብዳቤ ካልጠየቀን አናረጋግጥም አለ። ደብዳቤ ለማግኘት ደብዳቤ! አንድ የማውቀው ሰው ገብቶበት ሲጻፍልኝ ደግሞ ቲተር እንጂ ማህተም የለውም፤ ማህተም ያዢዋ የዓመት ፈቃድ ላይ ናት። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሄድን። ትኬት ቆረጥን፣ ገባን። ደብዳቤውን የጠየቀኝ የለም። ለፍቼበታለሁና ራሴ አውጥቼ ሰጠሁ፤ ዘበኛው ገለጥ አድርጎ አየና «ጥሩ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ሙዚየሙ አዋሽ ዳር ነው፤ የሣር ክዳን ጎጆዎች ናቸው። ልጆች ከያዛችሁ የጂኦሎጂውን ገለጻ ቶሎ እለፉትና የድንጋይ መሣሪያዎቹ ጋ ቁሙ። በአቅራቢያው ካለው ባልጪት የመጣው ጥቁሩ ኦብሲዲያን፣ ማለትም የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ ልክ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ነው። ጋርባ በሚባለው የቁፋሮ ቦታ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አለው። የኛዎቹን አፍ ያስከፈተው ግን ጎምቦሬ የሚባለው ሌላው የቁፋሮ ቦታ ወሬ ነው፦ ከ700,000 ዓመት በፊት ትልልቆቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ጉማሬ ሲበልቱ፣ ሕፃናቱ እዚያው ስር ስር ሲሉ የእግራቸው አሻራ ጭቃው ላይ ቀርቷል። አንዷ «እናታቸው አትቆጣም?» ብላ አስጎብኚውን አሳቀችው።

አስጎብኚ ድርጅቶች የጢያን ትክል ድንጋዮችና ከአለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምን ጨምረው በአንድ ቀን ያዞራሉ። አልመክርም፤ ከልጆች ጋር ሩጫ ብቻ ነው የሚሆነው።

ከዓለም ገና የቡታጅራ ሚኒባስ ያዙ፤ ለረዳቱ መልካ አዋሽ እንደምትወርዱ አስቀድማችሁ ንገሩት። ምሳ ቋጥሩ። ለመመለስም አይምሽባችሁ፤ ከቡታጅራ የሚመጣው ሚኒባስ ሞልቶ ነው የሚያልፈው።