ሃያ አንድ ፍሬ

ለጀማሪ ሳንቲም ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ አንድ ዓይነት ሳንቲም ምረጥ፣ ከዚያ በየዓመቱ የወጣውን አንድ አንድ እየያዝክ መስመሩን ሙላ። በኢትዮጵያ ሳንቲም ይህ ምክር አይሠራም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራው ብር የትም ይታተም የትም 1780 ይላል። የምኒልክ ግርሽ 1895 እንዳለ ለዓመታት ታትሟል። የጃንሆይ ሳንቲም እስከ ዘመናቸው ፍጻሜ 1936 ይላል፤ የደርጉም ተደጋግሞ ሲታተም 1969 እንዳለ ነው። ቀን ተከትሎ የሚሰበስብ ሰው በጥቂት ፍሬ “ጨረስኩ” ሊል ነው። (ከጠገራው በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ወሰኑን በዓመት ሳይሆን በመልክና በተሠራበት ማዕድን አሰመርኩ። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱን ዘመን በሦስት ጥያቄ ፈተንኩ። ሙሉው ስንት ፍሬ ነው? አዲስ አበባ ውስጥ በእጄ አገላብጬ ልገዛው እችላለሁ? አስመስሎ የተሠራውን ቤቴ ባለ መሣሪያ እለየዋለሁ?

አክሱም ቶሎ ወደቀ። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ የታተመው ሳንቲም፣ በተለይም ዒዛና ጨረቃውን በመስቀል የተካበት፣ ለማንም ሰብሳቢ ያጓጓል። ነገር ግን ቅርስ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ምንጩ ያልታወቀ የአክሱም ሳንቲም ከሰው እጅ መግዛት ለጀማሪ ቀርቶ ለአዋቂም አይመከርም።

ጠገራው ብር በሁለተኛው ጥያቄ አለፈ፣ በመጀመሪያው ወደቀ። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበትን ዓመት 1780ን እንደያዘ በቪየና፣ ኋላም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ታትሟል። የትኛው የት እንደታተመ የሚለየው በትከሻዋ ጌጥ ላይ ባሉት ዕንቁዎችና በንስሩ ጅራት ላባ አቀማመጥ ነው። ይህ ማጉያ መነጽርና ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ የራሱ ሙያ ነው። ለማስታወሻ አንድ ፍሬ መያዝ ጥሩ ነው፤ በዚያ መጀመር ግን ማለቂያ የሌለው ነገር ውስጥ መግባት ነው።

ብዙ ያመነታሁት በምኒልክ ላይ ነው። ፓሪስ ታትሞ ከዓድዋ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1887 የወጣው ብር፣ አላዱ (ግማሹ)፣ ሩቡና ስምንተኛው፣ ከዚያም ትንሿ ግርሽ፣ ያምራል። ልዩነቱም በዓይን ይታያል፤ የ1887ቱ ብር አንበሳ ግራ የፊት እግሩን ያነሳል፣ የ1892ቱ ቀኙን። ችግሩ ሌላ ነው። ብዙው የአንገት ጌጥ ሆኖ ኖሯል፤ ወይ ተበስቷል፣ ወይ ጠርዙ ላይ ቀለበት ተበይዶበት ተነቅሏል። ሻጩ ብየዳውን ሞርዶ ስለሚያለሰልሰው ጠርዙን በጥፍር ዙሪያውን መዳሰስ ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ ደግሞ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ብር ይገጥማል።

ሐሰተኛውን የምለይበት መንገድ ይህ ነው። እውነተኛው አንድ ብር 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ያረጀ ጥቂት ይቀንሳል። ክብደቱን ግን ሐሰተኛም ሊያሟላ ስለሚችል በውኃ እደግመዋለሁ። ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ግማሽ ድረስ ውኃ ሞልቼ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ላይ አስቀምጥና ወደ ዜሮ እመልሰዋለሁ። ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥዬ ሙሉ በሙሉ አጠልቀዋለሁ፤ የኩባያውን ታችም ሆነ ጎን መንካት የለበትም። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ካነበበ የብሩ ቅይጥ ትክክል ነው። ያው ክብደት ያለው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ 3.15 አካባቢ፣ ናስ ደግሞ 3.3 ገደማ ያነባል። ቁጥሩ የማይረባ ሆኖ ሲመጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ብሩ ታች ነክቷል፣ ወይም የአየር አረፋ ተጣብቆበታል። ለአረፋው አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የኪስ ሚዛን አብዛኛውን ጊዜ 200 ግራም ብቻ ስለሚችል ኩባያው ትልቅ አይሁን።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ምኒልክን ለሁለተኛ ዙር አቆይቼ ከ1923 እስከ 2002 ያለውን መገበያያ ሳንቲም መረጥኩ። ቆጠራው ቀላል ነው። የ1923ቱ አምስት ፍሬ ነው፦ 1 እና 5 መቶኛ (የብር መቶኛ ማለት ነው) ከመዳብ፣ 10፣ 25 እና 50 መቶኛ ከኒኬል። የ1936ቱ ስድስት ነው፦ 1፣ 5 እና 10 ሳንቲም፣ ክቡ ስሙኒ (25 ሳንቲም)፣ ጠርዘ ወላዋዩ (ጠርዙ እንደ ሞገድ ገባ ወጣ የሚለው) ስሙኒ፣ እና የብር ሽልንግ (50 ሳንቲም)። የ1969ኙ አምስት፣ በኋላ በብረት ላይ ተለብጠው የወጡት 5፣ 10፣ 25 እና 50 ሳንቲም አራት፣ የ2002ቱ ባለ ሁለት ቀለም አንድ ብር አንድ። ድምሩ 21።

ለዚህ ስብስብ ከሁሉ የጠቀመኝ መሣሪያ ማግኔት ነው። የ1969ኙ 25 እና 50 ሳንቲም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ስለሆነ አይሳብም፤ በመልክ ያው የሚመስለው ኋለኛው ግን የተለበጠ ብረት ስለሆነ ይጣበቃል። 5 እና 10 ሳንቲምም እንደዚሁ፦ ንጹሕ ናስ አይሳብም፣ በናስ የተለበጠው ይሳባል። ባለ 1 ሳንቲሙ አሉሚኒየም ነው፣ ማግኔት አይስበውም። ጀማሪን የሚያሳስተው 1923 ነው፤ ኒኬል ራሱ በማግኔት ስለሚሳብ የ10 መቶኛ መጣበቅ የሐሰተኛ ምልክት አይደለም። እንዲያውም ካልተሳበ ነው መጠርጠር።

ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ስለሚጻፍ ፲፱፻፳፫፣ ፲፱፻፴፮ እና ፲፱፻፷፱ን በዓይን መልመድ ያሻል። ውጭ አገር ሆኖ በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፤ ሻጮች 1969ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ይጽፉታል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ቀይረው 1977 ይላሉ። በሁለቱም መፈለግ ነው። አገር ቤት ገዝቶ ይዞ የሚወጣ ደግሞ አሮጌ የሆነውን ሁሉ ከጉዞው በፊት ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይቶ ፈቃድ ይጠይቅ።

ስህተቴ በአያያዝ ላይ ነበር። ለስላሳና የላስቲክ ሽታ ያለው የፒቪሲ ኪስ ውስጥ ያስቀመጥኳቸው የነሐስ ሳንቲሞች አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር አወጡ። ያ የሚነሳው በንጹሕ አሴቶን ነው፤ በመስታወት ዕቃ፣ ከእሳት ርቆ፣ ሳያሹ ነክሮ ብቻ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዘይትና ሽቶ ስላለው አይሆንም። አሁን የምጠቀመው ግልጽ መስኮት ያለው ካርቶን ነው፤ ስቴፕለሩ ሳንቲሙን እንዳይነካ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተለበጡት ብረቶች እርጥበት ካገኛቸው ከጠርዛቸው ስለሚዝጉ ለብቻቸው ደረቅ ቦታ አኖራቸዋለሁ። በሎሚና በአመድ መፈተግ ግን ፈጽሞ አይነሳ፤ ያበራል፣ የላዩን ገጽ ግን ይገፈዋል።

የጥራት መለኪያዬ ለሁሉም አንድ አይደለም። 1969 ሞልቶ ስለተረፈ የአንበሳው ጋማ ያልተፋቀውን ብቻ እወስዳለሁ። ለ1923 ጽሑፉ ከተነበበ ይበቃኛል። ክቡ ስሙኒ ደግሞ ልዩ ነው። ከብሩ ሽልንግ ጋር መጠኑ ሊመሳሰል ምንም አልቀረውም፤ ሰዎች ብር እየቀቡ በእጥፉ ያሳልፉት ስለነበር ነው ጠርዙ ወላዋይ እንዲሆን የተደረገው። ክቡ በቁጥርም ጥቂት ነው። ነጭ ቅቡ ያልለቀቀ ክብ ስሙኒ ሲገኝ ሻጩ “ላጽዳልህ” ቢል እንዳትፈቅዱለት። ቅቡ እንዳለ ይቀመጥ፤ ጠርዙ ለምን እንደተለወጠ የሚናገረው እሱ ነው።