ስርዝ ድልዝ

እሑድ ማታ

ቀን ቀን የምሠራው ሒሳብ ክፍል ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ደረሰኝ ከመጣ ሳላመነታ እመልሳለሁ። ማታ ደግሞ ቤቴ ገብቼ በገዛ እጄ ስሰርዝና ስደልዝ አመሻለሁ።

መጽሐፉ የአባቴ ነው፤ የግብርና ባለሙያ ሳለ ከወረዳ ወረዳ ይዞት የዞረ የሰብል አመራረት መመሪያ። ጀርባው ተገንጥሏል፣ ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣ የቀረውን እርጥበት አጣብቆታል። ጠራዡ አገላብጦ አይቶ ሳቀብኝ። ለቆሎ ሻጭ መስጠት ነበር የቀረኝ። የቆሎ መጠቅለያን አልንቅም፤ ልጅ ሆኜ ካነበብኳቸው ልብ ወለዶች ብዙዎቹ መጀመሪያም መጨረሻም ያልነበራቸው በእሱ ምክንያት ነው። የአባቴን መጽሐፍ ለመስጠት ግን እጄ እምቢ አለ።

ቶም ፊሊፕስ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ በ1966 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አንድ የተረሳ ልብ ወለድ በሦስት ፔኒ ገዛ። በየገጹ ላይ እየሣለ፣ ጥቂት ቃላት ብቻ እያስቀረ ግጥም አወጣበት። የመጨረሻው እትም የታተመው በ2016 ነው። ሃምሳ ዓመት በአንድ መጽሐፍ! ይህን ባነበብኩ ማግስት ጥቁር ቀለም ገዛሁ።

አማርኛችን መጀመሪያ አስቸገረኝ። ግሱ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ማን፣ ማንን፣ መቼ የሚለውን ሁሉ ጠቅልሎ ይዟል፤ የመረጥኳቸው ስሞች ከእሱ ጋር አልስማማ እያሉ ሦስት ገጽ አበላሸሁ።

ዛሬ ግን «አይዘራም» ከሚለው ቃል ላይ «አ»ን እና «ም»ን ቀባሁ። «ይዘራ» ቀረ። ደነገጥኩ። ወደ ታች ወረድኩ፤ «አይታረስም» የነበረው «ይታረስ» ሆነ። እምቢታችን ለካ ጫፍና ጫፉ ላይ በሁለት ፊደል የታሰረ ነው! በሁሉም ግስ አይሠራም፤ «አይመጣም» ቢሸፈን «ይመጣ» ብሎ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በሠራበት ቦታ ግን ክልከላው ምርቃት ይሆናል። ከገጹ የተረፈው ይህ ነው፦

ጥቁር አፈር
ይታረስ
ሰማዩ
ይዘራ

ቀለሙ ወደ ሌላው ገጽ ዘልቋል፤ ወረቀቱ ስስ ነው። ነገ ከሥሩ ካርቶን አደርጋለሁ።

ቀጣዩ ገጽ የምርጥ ዘር ዝርዝር ነው። ከአንዱ የስንዴ ዘር ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ አባቴ በእርሳስ «አይገኝም» ብሎ ጽፏል። ብሩሹን ነክሬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ አጥቤ አስቀመጥኩት።