ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡት

ሰሞኑን ሆድ ብሶኛል። ዛሬ ቤት መዋል ሲያቅተኝ ስድስት ኪሎ ሄጄ የቀድሞው ቤተ መንግሥት፣ ገነተ ልዑል ግቢ ገባሁ። ዛፎቹ ሥር ትንሽ አረፍ ልል ነበር። እግሬ ግን ወደ ሙዚየሙ ወሰደኝ።

የጃንሆይ መኝታ ቤት እንዳለ ነው። አልጋው፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ ጥይት የበሳው መስታወት። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተወው ነው። ራስ አበበ አረጋይ የሞቱት እዚሁ ቤት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። አምስት ዓመት በዱር በገደል ጣሊያንን ተዋግተው የተረፉ አርበኛ በወገን ጥይት! ጃንሆይ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ውጭ ደግሞ ጣሊያን የሠራው ደረጃ አለ። የትም አያደርስም። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ለነበረው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ነው። ጫፉ ላይ አሁን የእኛ አንበሳ ተቀምጧል። ሣሩ ላይ ተማሪዎች ጋደም ብለው ያነባሉ።

እዚያ ቆሜ የካቲት 12 ቀን 1929 መጣብኝ። የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል ተወለደ ብሎ ድሆችን ለምጽዋት የጠራው እዚህ ግቢ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረውሩ፣ ወታደሮቹ የተሰበሰበው ሰው ላይ ተኮሱ። ከዚያ የአዲስ አበባ ሕዝብ ሦስት ቀን ተጨፈጨፈ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሐውልቱም አደባባዩ ላይ ቆሟል።

እኔን የያዘኝ ግን ግቢው ውስጥ የነበሩት ናቸው። ዓይነ ስውሯ እናት በልጅ ተመርታ ስትገባ ይታየኛል። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወረፋው እንዳያልፋት እየተጣደፈች። ቤቷ የሚላስ የሚቀመስ የለም።

የራስ አበበን ስም እናውቃለን። የአብርሃንና የሞገስንም ለልጆቻችን እንነግራለን፣ ይገባቸዋልም። የእሷን ስም ግን ማን ያውቃል? አርበኛ አልነበረችም። የመጣችው የጠላትን ብር ልትቀበል ነው። ስለ እነሱ ብዙ የማናወራው ለዚህ ይሆን? ትንሽ አፍረንባቸው?

እኔ አላፍርባቸውም። ጃንሆይ ስደት ላይ ናቸው። መኳንንቱ ገሚሱ ጫካ ነው፣ ገሚሱ ለጠላት አድሯል። ያለ ምጽዋት የማያድር ሰው፣ በዚያ ዓመት ማን ደጅ ሄዶ ይቁም?