የገና መልእክት ከጅማ፦ እስክነግርህ ድረስ እዚያ ቆይ

እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን!

ዛሬ ገሃድ ነው። ጅማ ከጠዋት ጀምራ ግር ብላለች። በሂርማታ በኩል በእግር ማለፍ እንኳ ጭንቅ ነው። ባጃጁ ሁሉ ወይ ዶሮ ወይ ቄጤማ ጭኗል። እኔም ሽንኩርቴን ከትፌ፣ ሊጡን አቡክቼ፣ ኮባውን አጥቤ አሁን ገና መቀመጤ ነው። ጊዜ ሳገኝ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ትንሹ ልጄ ትናንት ማታ "ዘንድሮ ገና ረቡዕ ነው፤ ይጾማል እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ታላቅ እህቱ ቀደመችኝና "ገና እኮ ነው፣ አይጾምም" አለችው። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቤታችን የሚመልሰው አባታቸው ነበር።

ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ባለቤቴን ሐምሌ መግቢያ ላይ ቀበርን። ያልሰማችሁም አላችሁ። "ምነው ጠፋሽ?" ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ መልሱ ይኸው ነው። አርባውን ያወጣነው በፍልሰታ ጾም፣ በዝናብ ነው። ከዚያ በኋላ ወራቱ እንዴት እንደሄዱ አላውቅም።

ፋሲካን አብረን ፈስከን ነበር። የታመመው ከዚያ በኋላ ነው። በሕመሙ ሰሞን የጸለይኩት ጸሎት ዛሬም አፌ ላይ አለ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ 15 ዓመት ተጨምሮለታል። እኔም በሆስፒታሉ ኮሪደር ግድግዳ ይዤ ያንኑ ለመንኩ። መጀመሪያ አሥራ አምስቱን አልኩ። ቀጥሎ አሥር ይሁን አልኩ። መጨረሻ ላይ ልጆቹ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ብቻ አልኩ። አልተሰጠኝም።

ጸሎቴ አልተሰማም አልልም። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ጽዋዋ እንድታልፍ ለምኗል፤ አላለፈችም። ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኗል፤ አልራቀለትም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። በራስ ሲደርስ ግን ሌላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በለቅሶው ሰሞን "እምነት ያለው ሰው እንዲህ አያለቅስም" ያሉኝ ነበሩ። እኔን ለማጽናናት ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እባካችሁ ይህን ለሐዘንተኛ አትበሉ። ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል፤ ያውም ሊያስነሣው መሆኑን እያወቀ። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን በሞዓብ ቀብራ ወደ ቤተ ልሔም ስትገባ፣ እግዚአብሔር አስመርሮኛልና ማራ በሉኝ ብላለች። በመጽሐፉ ውስጥ ለምን እንዲህ አልሽ ብሎ የገሠጻት አንድ ሰው የለም። ሩት አብራት ሄደች፣ ቃርሚያ ቃርማ አመጣችላት፣ አበላቻት። በቃ።

ለእኔም እንደ ሩት የሆኑልኝ አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ነው እንጂ አንድ በአንድ ብዘረዝራቸው ደስ ባለኝ።

ነሐሴ ላይ ጸሎት እምቢ አለኝ። ዳዊቱን እገልጣለሁ፣ ዓይኔ ፊደሉ ላይ ይሄዳል፣ ልቤ ግን የለም። ውዳሴ ማርያሙን እጀምርና መሀል ላይ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። "ልጄ፣ አንቺ ለጊዜው አቡነ ዘበሰማያትን በይ። የቀረውን እኛ እንልልሻለን" አሉኝ። ነገሩ ለማጽናናት ያህል የተባለ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። የጽዋ ማኅበራችን እናቶች ውዳሴ ማርያሙን ተከፋፈሉት። የሰኞውን አንዷ፣ የማክሰኞውን ሌላዋ፣ እንዲያ እያሉ እስከ እሑድ ያዙት። ባለተራዋ በቀኗ ስሜን ጠርታ ትጸልያለች፤ ስትጨርስም ትደውልልኛለች። "ያንቺን ብያለሁ፣ ቡናሽን ጠጪ" ትለኛለች የኀሙሷ። የቅዳሜዋ ስልክ አትወድም፤ በር አንኳኩታ አይታኝ ትመለሳለች።

የእኔ ጸሎት እንዲህ ነው የተመለሰው። በእነሱ ነው።

ከዚያ ደግሞ መኸር መጣ። ጅማ ላላችሁት መስከረም ሲያልቅ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም። ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ያለችን ቡና ብዙ አይደለችም፤ ግን የምንኖረው በእሷ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ባለፈው ዓመት ከለቀማ በኋላ ግማሹን አሮጌ ቡና ጎንድሎት ነበር። ሲጎነድል አይቼዋለሁ። ከመሬት 30፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተውና፣ ጉቶው ላይ ውሃ እንዳያቁር ሰያፍ አድርጎ በመጋዝ ይቆርጠዋል። "ሦስት ዓመት ታገሺኝ፣ ከዚያ የሚያፈራውን ታያለሽ" ብሎኝ ነበር። እሱ ሄደ። ጉንደላው ቀረ። ግማሹ መሬት ዘንድሮ አንድ ፍሬ አልሰጠም፤ የሚመጣው ዓመትም አይሰጥም።

ዘመዶቼ መሬቱን ትቼ አዲስ አበባ እህቴ ጋ እንድገባ መከሩኝ። ክፉ ምክር አልነበረም። ልጆቹን እንዴት ታስተምሪያለሽ፣ ለቃሚ ማን ያስተዳድርልሻል፣ ነጋዴው ሴት ብቻዋን ሲያገኝ ምን ያደርጋል፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔም ሌሊት ሌሊት "ጌታዬ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር? እስከ መጨረሻው አሳየኝ" እል ነበር።

ጽጌ ጾም ላይ፣ ማኅሌቱ አልቆ ሊነጋጋ ሲል፣ አንድ አባት ስለ ስደቱ ሲያስተምሩ ስለ ዮሴፍ ተናገሩ። በወንጌል ዮሴፍ የተናገረው አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈም። በሕልም ግን አራት ጊዜ ተነግሮታል። መጀመሪያ እጮኛህን ለመውሰድ አትፍራ ተባለ። ቀጥሎ ተነሥተህ ወደ ግብፅ ሽሽ፣ እስክነግርህም ድረስ እዚያ ቆይ ተባለ። ሄሮድስ ሲሞት ተመለስ ተባለ። መንገድ ላይ ደግሞ የሄሮድስ ልጅ መንገሡን ሰምቶ ሲፈራ ወደ ገሊላ ሂድ ተባለ። ሁልጊዜ የተነገረው ቀጣዩ እርምጃ ብቻ ነው። በቤተ ልሔም ሳለ ናዝሬት እንደሚገባ አላወቀም። ግብፅ ሲወርድ ስንት ዓመት እንደሚቆይ አልተነገረውም። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ መሆኑን የምናውቀው እኛ ነን።

ያን ሌሊት ነጠላዬን ተከናንቤ ብዙ አለቀስኩ። ግን ዕንባው እንደ ሐምሌው አልነበረም።

ገናን የማየው ዘንድሮ በዚህ ዓይን ነው። ሥዕሉ ላይ ሁሉም ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ሕፃኑ ተኝቷል፣ እንስሳቱ ትንፋሻቸውን ይሰጣሉ። ታሪኩን ስታነቡት ግን ሁሉ ነገር የተናወጠበት ሰሞን ነው። አውግስጦስ ቄሣር ሕዝብ ይቆጠር ብሎ አዘዘ። የደረሰች እርጉዝ ከናዝሬት ይሁዳ ድረስ ወጣች። ማደሪያ ታጣ። ወለደች። ብዙ ሳይቆይ ሕፃኑን የሚፈልግ ሰይፍ መጣ። እመቤታችን ያን ሁሉ በልቧ ትጠብቀው ነበር ይላል ወንጌላዊው ሉቃስ። ጌታ የመጣው ነገሩ ሁሉ ተረጋግቶ፣ ቤት ተጠርጎ፣ ወጪው ተሸፍኖ አይደለም። ይህ ለእኔ ትልቅ መጽናኛ ሆኖኛል።

ስለዚህ እስከ መጨረሻው አሳየኝ ማለቱን ተውኩት። ቀርቻለሁ፤ እስኪነገረኝ ድረስ። ጠዋት ስነሣ የዛሬን እለምናለሁ። ዛሬ ለቃሚዎቹ ይምጡ። ዛሬ ሚዛኑ ላይ ጭቅጭቅ አይኑር። ዛሬ ልጄ አባቱን ሲጠይቅ የምመልሰው ስጠኝ። የዕለት እንጀራ የሚለውን ጸሎት ስንት ዓመት ስደግመው ኖሬ እንዲህ የሚያጠግብ መሆኑን ያወቅኩት ዘንድሮ ነው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ቡናው ግቢ ውስጥ በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ጠዋት ጠራራ ፀሐይ ነበር። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጥቁር አለ። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ትንሹ ልጄ ብቻ ነን። ሸራውን ይዤ ስጎትት አልችለው አልኩ፤ ነፋሱ ከእጄ ይነጥቀኛል። ጠብታው ፊቴ ላይ ሲያርፍ "ጌታዬ አቁምልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ዝናቡ አልቆመም። ግን የጎረቤታችን የሐጂ የልጅ ልጆች አጥር ዘለው ገቡ፤ አንዱ እንደውም በባዶ እግሩ ነው። ከኋላቸው ሐጂ ራሳቸው ከዘራቸውን ይዘው "በዚያ በኩል! ጫፉን በድንጋይ!" እያሉ መጡ። አራቱንም አልጋ ሸፈኑት። ቡናው ሳይረጥብ ዝናቡ ወረደ። እኛ ግን ረጥበን በረንዳ ላይ ቆመን ስንተያይ ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ እኔ "ተመስገን" አልኩ፣ ልጆቹ ሳቁ።

ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለፈቱ የተሰጣው ቡና፣ መድረቁን የማውቅበትን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። እፍኝ ያነሣሉ፣ ጆሯቸው ሥር ያንቀጫቅጩታል፣ ፍሬው ውስጡ ሲንኳኳ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባለቤቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሐጂ፣ ቀብሩ ዕለት በዚያ ዝናብ ጃንጥላዎን ለልጄ ይዘው ራስዎ መርጠብዎን አይቻለሁ። ይህን ለእርስዎ የሚያነቡልዎት የልጅ ልጆችዎ ናቸው፤ ጮክ ብለው ያንብቡልዎ። ለእናንተ ቤት የሚሆነው ዶሮ ለብቻ ድስት ተዘጋጅቶለታል፤ የሚባርከው ልጅዎ ነገ ማለዳ ይምጣ፤ እንደ ሁልጊዜው።

ሌላም ሰው አለ። ባለቤቴ ጋ ሒሳብ የነበረበት አንድ ነጋዴ መስከረም ላይ መጣና ብር ቆጥሮ ሰጠኝ። ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም። እኔ ብሩ መኖሩንም አላውቅም። ዝም ቢል የሚጠይቀው አልነበረም። የልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም በዚያ ብር ተገዛ። ወንድሜ፣ ልጆችህ አይቸገሩ። ከዚህ በላይ ምርቃት አላውቅም።

የዕድራችን ሴቶች፣ እጃችሁ ይባረክ። የቅርጫው ማኅበር ሰዎች፣ ባለፈው እሑድ ደውላችሁ "መደባችሁ እንዳለ ነው፣ አትጨነቂ" ስትሉኝ ስልኩን የዘጋሁት ተቀይሜ ሳይሆን ድምፄ ስላልወጣልኝ ነው። ለለቀማ መጥታችሁ ወደየአገራችሁ የተመለሳችሁ ልጆች፣ እናቶቻችሁ ጋ በሰላም እንደደረሳችሁ ስሰማ ደስ ብሎኛል። ቤቱ በእናንተ ጨዋታ ነው የሞቀው። እናቴ፣ ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አጠገቤ ዝም ብለሽ ስለተቀመጥሽ እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው።

ትልቋ ልጄ፣ ይህን እንደምታነቢ አውቃለሁ። ለወንድምሽ ስለመለስሽለት አባትሽ ይኮራብሻል። ግን እናትነቱ የእኔ ነው፤ አንቺ ልጅ ሁኚ። ነገ ከጓደኞችሽ ጋር ውጪ፣ ተጫወቺ፣ ሳቂ። መሳቅ አባትሽን መርሳት አይደለም።

ለእናንተም ለወዳጆቼ። ሥራ ለጠፋባችሁ፣ ትዳራችሁ ለፈረሰ፣ አገር ለቃችሁ ገናን በማታውቁት ከተማ ለምትውሉ፣ የሐኪም ውጤት እየጠበቃችሁ ለምታድሩ፣ ዘንድሮ ማዕዳችሁ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ለሆነባችሁ፦ የተወለደው ጌታ እቤታችሁ ይግባ። የዛሬውን ይስጣችሁ። ለነገውም ነገ ይስጣችሁ። ደህና የሆናችሁ ደግሞ ነገ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ያለ ቤት ታውቁ እንደሆነ ሂዱ። ምን እንላለን ብላችሁ አትጨነቁ። ድፎውን ይዛችሁ ግቡ፤ ቡናውን እናንተ አፍሉት፤ የሞተውን ሰው ስሙን ጠርታችሁ አውሩ። ስሙን መስማት ይናፍቃል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልተዋችሁ። ከማኅበሩ እናቶች ጋር ተነጋግረናል። ዘንድሮ የተለያችሁት ሰው ካለ የክርስትና ስሙን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ጸሎት እምቢ ያላችሁም ካላችሁ የራሳችሁን ስም ላኩ፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም። ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ይከፋፈሉታል። የረቡዑን እኔ ይዣለሁ።

መልካም ገና!